ቀኝ መዳፌ ላይ የጻፍሁት

አንችናሉ ታበራለች፤ እኔ ከኋላዋ ቆሜ እጠራለሁ።
ዓይኗን ከሰማይ አትነቅልም፤ ወረቀቱን እኔ አነባለሁ።
«ሽቅብ... ግማሽ ጥቅልል... ግልብጥ... አሁን!»
አሥራ አንድ ምልክት፥ በጣት ሳይሆን በትንፋሽ የሚቆጠር፤
ስሕተቱ የእጇ ቢመስልም፥ ከእኔ ጉሮሮ የሚጀምር።

ወረቀቱን አባቴ አየው፥ ከሞጣ የመጣ ለት፤
መሪጌታ ስንሻው፥ አርባ ዓመት ድጓ ያስተማረ፥ ጣቱ የለመደ ምልክት።
መነጽሩን ገፋ አድርጎ፥ መስመሩን በጥፍሩ ተከተለ፤
«ይኸ ድፋት፥ ይኸ ጭረት፤ ይኸኛው ቁርጥ ነው» አለ።
«ርክርኩ ግን የት ሄደ? የማን ዜማ ነው፥ ልጄ?»
«የአውሮፕላን» አልሁት። ሳቀ፤ ወረቀቱን ግን አልመለሰውም ወደ እጄ።
እስኪመሽ በለሆሳስ አዜመው፤ ሽቅብ ሲል ድምጹን እያነሣ፥
ቁልቁል ሲል እየደፋ፥ ከጥጉ ሲደርስ አርፎ፥ ደግሞ እየተነሣ።
ከዚያ ማታ ወዲህ ነው አጠራሬን ያስተካከልሁ፤
መጮኽ ትቼ፥ ለማዜም ጥቂት የቀረብሁ።

ክንፉ የእንጅባራ ቀርከሃ ነው፥ በምላጭ የተሰነጠቀ፤
ላዩ ስስ ላስቲክ፥ በካውያ የተጣበቀ።
ሞተሩ የሦስት ዓመት ዕቁባችንን በልቷል፤
ሰርቮው ሁለቴ ተቃጥሏል፥ ጅራቱ አምስቴ ተሰብሯል።
ስም አላወጣችለትም፤ «እሱ» ብቻ ትለዋለች፤
ሲወድቅም «ተወው፥ ደክሞት ነው» ብላ ሙጫ ትቀባለች።

ክረምቱን ሙሉ ቢቸና፥ ከከብት ገበያው ጀርባ ነበርን።
ሰው ከአጥር ወዲያ ይታዘባል፥ «የልጅ ጨዋታ» እያለ፤
አንድ በሬ ሻጭ ብቻ፥ ገመዱን እንደያዘ አንጋጦ ዋለ።
«ይችን ልጅ» አለ በመጨረሻ፥ «ጥንድ ጠምዳ ባየኋት!
ትልሟ አይጣመም ነበር፥ ማዞሩን እንዲህ ከሰጣት።»

በሞጣ አድርገን፥ በአዴት አልፈን፥ ባሕር ዳር ስንዘልቅ፥
ክንፉ በጋቢ ተጠቅልሎ በጭናችን፤ በየጉድጓዱ ስንሳቀቅ፤
ረዳቱ «የሕፃኑስ ሒሳብ?» አለን። ከፈልን፤ ወንበር ይዟልና።
እሷ አልሳቀችም፤ በጋቢው ጫፍ አፍንጫውን ሸፈነች እንደገና።

ሜዳው ላይ ሦስት ዳኞች፥ ጃንጥላ ሥር፥ እርሳስ ይዘው፤
ከአዳማ፥ ከሐዋሳ የመጡቱ ባለ ሣጥን፥ ባለ ድንኳን ናቸው።
የአገር ሻምፒዮና ነው። ነፋሱ ከጣና፥ እርጥብ፤ ከጎን ይገፋል።
ስምንቱ ምልክት በሰላም ሄደ፤ «እሱ» ሰማዩን ይጽፋል።
ፊቱን ወደ እኛ ሲያዞር ግራው ቀኝ ይሆናል፥ ቀኙ ግራ፤
ይህን አውቃለሁ፤ ሺህ ጊዜ፤ በእንቅልፌ እንኳ ስጠራ።

«ግራ!» አልሁ።

ቀኝ ነበር።

ታውቅ እንደሆን እስከ ዛሬ አልጠየቅኋትም። እጇ ግን እኔን አመነ፤
በግራ ተገለበጠ፤ ያምር ነበር፥ ስሕተቱ እንኳ የተመዘነ።
ሦስት እርሳሶች አንድ ላይ ወረዱ። ዜሮ።
አሥረኛው ቃል ጉሮሮዬ ውስጥ ቀረ፥ እንደ እንስሳ ታስሮ።
አየር ላይ ያለ ነገር ግን አይጠብቅም።
ዞር አላለችም፤ «ቀጥል» አለች፤ ድምጿ አልጠነከረም፥ አልደከመም።

ቀጠልሁ። አሥር። አሥራ አንድ። ጎማው ሣሩን ነካ።
ሰባተኛ ወጣን። ያ ዜሮ ባይኖር ሦስተኛ ነበርን ለካ።

ማታ ዓሣ በላን፤ እሾሁን እየለቀመች ስለ ሰርቮው አወራች፤
ስለ ጅራቱ ክብደት፤ ስለ ግራና ቀኝ ግን አንዲት ቃል ሳታነሣ ቀረች።
ብትቆጣኝ ይሻል ነበር።
ለአባቴ ደወልሁ። ዝም አለ። «እኔም» አለ፥ «ቅኔ ማሕሌት ቆሜ ስቼ አውቃለሁ፤
ሕዝቡ ሁሉ አብሮኝ ሳተ። ከዚያ ወዲህ፥ ከመምራቴ በፊት፥
አንድ ትንፋሽ እጠብቃለሁ።»

ዛሬ እሑድ ነው፤ ቢቸና፤ ጭቃው ደርቋል፤
ቀኝ መዳፌ ላይ በእስክሪብቶ «ቀኝ» የሚል ተጽፏል።
ላብ ያጠፋዋል፤ መልሼ እጽፈዋለሁ።
አየችው፤ የሪሞቱን ማንገቻ አንገቷ ላይ እያጠለቀች፥
«ግራህስ?» አለች፤ ከዚያ ቀን በኋላ ገና አሁን አንሥታው።
አንድ ትንፋሽ ጠበቅሁ።
«አንደኛ፥ ሽቅብ» አልሁ።

ለቀቀችው።